ኮፈኑን ሳልነካ

የመጀመሪያ ልጃችንን ያጣነው ቦዳ ላይ ነው። ጁባ ውስጥ ጀበል ኩጁር ተራራ ሥር ካለው ቤታችን እስከ ሆስፒታል ለመሄድ ያገኘነው ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳይክል ብቻ ነበር፤ ዝናቡ ደግሞ መንገዱን አቡክቶታል። ባለቤቴ በእኔና በሹፌሩ መሀል ተጣብቃ፣ በየጉድጓዱ ትከሻውን እየጨመቀች ሄደች። ደረስን፤ ግን ዘግይተን ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ብዙ አላወራችም። እንደገና ስታረግዝ ግን እንዲህ አለችኝ፦ "ሁለተኛ ቦዳ ላይ አልወጣም። በእግሬ እሄዳለሁ እንጂ አልወጣም።"

ስለዚህ መኪና መግዛት ነበረብኝ። እኔ ቶንፒንግ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። በእኔ ደመወዝ የሚገዛ መኪና ከእኔ በፊት ብዙ ሰው የሰለቸው መኪና ነው። ያየሁት የመጀመሪያው ወለሉ ተበስቶ መሬቱን ያሳያል። የሁለተኛው ሊብሬ በሞተ ሰው ስም ነው። ሦስተኛው እኔ እስክደርስ ተሸጠ። የመውለጃዋ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ አጣሁ፤ የጎረቤት ቦዳ ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ።

ጀበል ገበያ አጠገብ ጋራዥ ያለው አንድ የጎንደር ሰው ወዳጄ ነው። እሱ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ ስለሆንን ሳንነካካ አንለያይም። ለዚህ ጉዳይ ግን ቀልዱን ትቶ መከረኝ።

"ናፍጣ መኪና ከሆነ ኪሎሜትሩ አያስፈራህ። አንተ ብቻ ሰውየው ሳያስነሳው ቀድመህ ድረስ። የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ በእጅህ ንካው። ትኩስ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ ከዚያ አስነሳ። የደከመ ሞተር ሲሞቅ ይነሳል፣ ሲቀዘቅዝ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሰማኸኝ?"

ሰምቼዋለሁ።

በመጨረሻ አቅሜ የሚደርስበት መኪና ተገኘ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። በምሳ ሰዓት ሆቴሉ በር ላይ ይዞልኝ መጣ። ኪሎሜትሩ ከሦስት መቶ ሺህ አልፏል፤ መሪው በኡጋንዳ በኩል እንደሚመጡት ሁሉ በቀኝ ነው።

"ወንድሜ፣ አረቢያ ደ ክዌስ ኸሊስ" አለኝ፤ በጣም ጥሩ መኪና ነው ማለቱ ነው። "አሁን ከቡሉክ ሰፈር ነድቼው መጣሁ፤ አንዴም አላስቸገረኝም።"

ሰውየው አልዋሸኝም። ነድቼው መጣሁ ሲለኝ ትኩስ ነው ማለቱ መሆኑን ሕፃን ልጅም ይረዳል። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። እኛ ጴንጤዎቹ ዘንድ ከጌታ ምልክት መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለሥራም፣ ለትዳርም፣ ለቤት ኪራይም እንጠይቃለን። መሪውን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩና "ጌታ ሆይ፣ በአንድ ቁልፍ ከተነሳ ከአንተ ነው" አልኩ። ተነሳ። "ሃሌ ሉያ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሰውየውም ደንግጦ "አሜን" አለ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የኅብረታችን ሰዎች መኪናውን ሊባርኩ ቤት መጡ። ዙሪያውን ከበው እጃቸውን ጫኑበት። አንዲት እህት ኮፈኑ ላይ ያሳረፈችውን እጇን ወዲያው አነሳችና "ኧረ ይፋጃል!" አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ የመካኒኩ ቃል ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ሲሄዱ ባለቤቴ "መካኒኩ ያለህን አደረግክ? ነካኸው?" አለችኝ።

"ነክቼዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር።"

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ። አቃሰተ እንጂ አልተነሳም። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። ደግነቱ ቤታችን ተዳፋት ላይ ነው፤ ቁልቁል ለቅቄው በሁለተኛ ማርሽ ተነሳ። በቀጥታ ወደ ጋራዡ ነዳሁት።

መካኒኩ የሆነውን ስነግረው ግንባሩን ያዘ። "ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዘህ እየዋልክ ትኩስ ብረት ጠፋህ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ምን ላድርግህ?" ሞተሩን ለማደስ መኪናው የተገዛበትን ያህል ያስፈልጋል። "አንዴ ከተነሳ ጁባን አሥር ጊዜ ያዞርሃል። ቁልቁለት አትጣ" ብሎ ሸኘኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው አፍንጫውን ቁልቁል አድርጌ አቆመዋለሁ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ለምን ብላ ብትጠይቀኝ "ለጎርፍ ነው" የሚል መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አልጠየቀችኝም። ጠዋት ድንጋዩን ድምፅ ሳላሰማ አንስቼ፣ ከቤቱ ራቅ ስል ነው የማስነሳው። አንድ ማታ የውሃ ቦቴ መጥቶ በቁልቁለቴ ላይ ተገትሮ ቆመ። ሹፌሩን ለምኜ፣ ተለማምጬ አስነሳሁት። ምን እንደሆንኩ ስላልገባው እያየኝ ራሱን ነቀነቀ። ፈርቼ ነበር፤ ከመኪናው ይልቅ ውሸቱ ያስፈራኝ ነበር።

ምጡ የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። "ተነስ" አለችኝ ባለቤቴ። ቦርሳዋን ይዤ ሮጥኩ፤ ምናልባት ዛሬ ይምረኛል ብዬ መጀመሪያ ቁልፉን አዞርኩ። አቃሰተ። ደገምኩት። ላብ አጠመቀኝ። አንድ ነገር ልነግራት ዞር ስል በሩን ተደግፋ ቆማለች።

"ቁልፉን ተወው" አለችኝ። "እኔ ልግባና ድንጋዩን አንሳ።"

ወርጄ የመኪናውን በር ከፈትኩላት።

"በየቀኑ ስታነሳው እሰማሃለሁ" አለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሁለታችንም ከፈራን ማን ይነዳል? በል አንሳ!"

አነሳሁት። መኪናው በቀስታ ተንከባለለ፤ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ሁለቴ አስሎ ተነሳ። ባለቤቴ በየጉድጓዱ የእኔን ትከሻ እየጨመቀች ሄድን። ያ ጨመቃ ያመኝ ነበር፤ ግን እንድታቆም አልፈለግኩም።

የሆስፒታሉ ግቢ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ከቀዘቀዘ የሚያስነሳው ቁልቁለት የለም። እሷን አስገብተው በሩን ዘጉት፤ እኔ ተመልሼ መሪው ላይ ተቀመጥኩ፣ ሞተሩን አላጠፋሁም። ድንገት ወደ ሌላ ቦታ ውሰዷት ቢሉኝስ? ዘበኛው ጭሱን በእጁ እያባረረ መጣ። "ኸላስ፣ በቃ፣ ሐበሻ፣ አጥፋው" አለኝ። "ሹዋያ" አልኩት፤ ትንሽ ታገሰኝ። ሄዶ እንደገና መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ፊቴን አይቶ አጠገቤ ቆመ።

ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ የሐበሻዋን ባል ጠየቀች። ዘበኛው ወደ እኔ ጠቆማት። "ሁለቱም ደህና ናቸው" አለችኝ።

ሞተሩን አጠፋሁት። ከዚያ ወረድኩና ኮፈኑን ነካሁት።