የተከለከለው ቅጠልና ስድስቱ ዙር

እብጠቱን ያገኘሁት አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ የጋዋኔን ቁልፍ ስቆልፍ ነው። በቀኝ አንገቴ በኩል የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ነገር። አያምም፤ ስነካው ይንሸራተታል። የማያምም ነገር ማን ይፈራል? ትቼው ሄድኩ። ቆይቶ ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ቆቦ ላይ ደግሞ «ላበኝ» ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው መሳቂያ ነው። ቀሚሴ ሲሰፋኝም «ሸንቀጥ ብለሻል» ያሉኝን ሁሉ እያመሰገንኩ አለፍኩ።

ይህን የምጽፈው ዛሬ አንገታቸውን እየዳሰሱ ለሚጨነቁ ሰዎች ነው። የሆነው ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፤ የማፍርበት ነገር ስለሌለኝ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። ያኔ በቆቦ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ክበብ ኃላፊም እኔው ነበርኩ።

መጀመሪያ የታየሁበት ጤና ጣቢያ የእጢ ቲቢ ነው ተባልኩ። ጥፋት አልለውም፤ ባገራችን አንገት ላይ የሚያብጠው ብዙውን ጊዜ ቲቢ ነው። ኪኒኑን በሥርዓቱ ዋጥኩ። እብጠቱ ግን አደገ፤ ሽምብራ የነበረው እንቁላል አከለ። አዲስ አበባ ተላክሁና ከእጢው ቆርጠው ለምርመራ ወሰዱ፤ ባዮፕሲ ይሉታል። ውጤቱን የነገረችኝ ዶክተር ወጣት ናት፤ ስትነግረኝ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም።

«ሆጅኪን ሊምፎማ ነው። ካንሰር ነው፤ ግን ከሚድኑት አንዱ ነው» አለችኝ። «ስድስት ዙር ኬሞቴራፒ ትወስጃለሽ። ዋናው ነገር አለማቋረጥ ነው።»

ካንሰር። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። ወንድሜ ሞላ ነው የሰማልኝ።

ሞላን ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በትምህርቱ እንደ ተመኘሁለት አልገፋም፤ መሪ ያዘ። የሰው አይሱዙ እየነዳ የቆቦን ሽንኩርት አዲስ አበባ ያደርስ ነበር። ለሕክምና የተመላለስኩትም በእሱ መኪና፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ያን ጊዜ የሽንኩርት ሽታ ምን ያደርገኝ እንደነበር የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ወሰድኩ። በማግስቱ አስመለሰኝ። በሦስተኛው ቀንም። ውኃ እንኳ አልረጋልኝም። ምራቄ ብረት ብረት አለኝ። ማስመለሱን እንዲያስቆምልኝ ፕላዚል ሰጡኝ። ትንሽ ያዘልኝ፤ ከዚያ ተወኝ። ጸጉሬ ትራስ ላይ ቀረ። ስለ ጸጉሩ ግድ አልነበረኝም። መብላት ነው ያቃተኝ።

በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። እኔ ደግሞ የራያ ሰው ነኝ፤ አቃተኝ ማለት አላውቅበትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ሽሮዬን እቀምሳለሁ፤ ያንኑ መልሼ እተፋዋለሁ። የንስሐ አባቴ ይህን ሰምተው ቤቴ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ማን ጹሚ አለሽ?» አሉኝ ተቆጥተው። «ሕጉ ለጤነኛ ነው። ታሞ ለተኛ ይላላል። ወተት ጠጪ፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው።»

ወተት ጠጣሁ። ወተቱም ተመለሰ። ለሦስተኛው ዙር ስሄድ ሚዛን ላይ ቆምኩ። ዶክተሯ ቁጥሩን አይታ መዝገቤ ላይ ጻፈች።

«ዛሬን እንሰጥሻለን» አለችኝ። «በዚህ ከቀጠልሽ ግን ቀጣዩን ልንሰጥሽ አንችልም፤ ሰውነትሽ አይሸከመውም።»

ማቋረጥ ማለት ነው። ካቋረጥኩ ምን እንደሚመጣ ደግሞ አስቀድማ ነግራኛለች።

ስንመለስ ሞላ ደሴን እስክናልፍ ነዳ። ከዚያ፣ «እታለም፣ እንዳትቆጪኝ» አለ። «ሾፌሮች የሚሉት ነገር አለ። ጋንጃ የሚያጨስ ሰው ምግብ አያስተርፍም። አንድ ጓደኛ አለኝ፣ እሱን ካጨሰ ድስት ነው የሚጨርስ።»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የክበቡ ኃላፊ! በሰልፍ ፊት ስንቱን ልጅ ያስፈራራሁበት ቅጠል! ግን ሚዛኑ ከዓይኔ አልጠፋም።

ተደብቄ ነገር መሥራት አልወድም። አስቀድሜ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ይህን እኔ አላውቅም፤ ሐኪምሽን ጠይቂ» አሉኝ። ዶክተሯ ዘንድ ስልክ ደወልኩ። «በአንዳንድ አገር ለማቅለሽለሽ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል» አለችኝ። «እዚህ ግን ሕጉ አይፈቅድልኝም። አላዝልሽም፤ ውሰጂም አልልሽም። ከወሰድሽ ግን እንዳትደብቂኝ።» ቄሱ ወደ ሐኪም፣ ሐኪሟ ወደ ሕግ። ሕግ ደግሞ ስልክ የለውም። ስለዚህ ራሴ ወሰንኩ።

ሞላ ከጓደኛው አመጣልኝ። ከምወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ሳንባ ሊጎዳ ይችላል ተብዬ ስለነበር ጭስ አልፈለግሁም፤ ማታ በወተት አፈላነው። ጠጣሁ። ልቤ መታ። ግድግዳው ወደ እኔ የቀረበ መሰለኝ። ፈራሁ። ሞላ እጄን ይዞ «አብሽሪ፣ አለሁ» ይለኛል። ቆይቶ ረጋሁ።

ከዚያ ራበኝ።

የማሽላ እንጀራ በእርጎ ፈትፍቶ አቀረበልኝ። በላሁ። አልተመለሰም። ሞላ ሳህኑን አነሳሁ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ለአራተኛው ዙር ሚዛኑ ላይ ስቆም ክብደቴ ጨምሯል። ምን እንደወሰድኩ ለዶክተሯ ነገርኳት። ሰማችኝ፤ የልቤን ምት ለካች፤ «መድኃኒቱ ይቀጥላል» አለች።

ሞላ ለአምስተኛው ዙር የሚሆነውን ሲያመጣልኝ ኬላ ላይ ተፈተሸ። ከሸሚዙ ኪስ አገኙት፤ ያን ሁሉ ሽንኩርት ጭኖ መደበቅ እንኳ አያውቅበትም። «የማን ነው?» አሉት። «የኔ» አለ። ስሜን አላነሳም።

ስሜን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ራሴን በሻሽ አስሬ ፍርድ ቤት ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ዳኛው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«መምህርት፣ አምንዎታለሁ» አሉ። «ነገር ግን ሕጉ ለታመመ ሰው ብሎ የለየው ነገር የለም።»

ቅጣቱን ዝቅ አደረጉለት። ዝቅ ያለውም ቢሆን እስራት ነው።

አምስተኛውን ዙር ያለ ቅጠሉ ወሰድኩ። እንደ መጀመሪያው ሆነ። ባሰም። በዚያ መሐል ግን ለሞላ ስንቅ ማድረስ ነበረብኝ፤ በሮቢት ከተማ በኩል በሚኒባስ ወደ ማረሚያ ቤቱ እሄዳለሁ። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ምግብ የሚያስገባ ሰው ከያዘው መቅመስ አለበት፤ መርዝ እንዳይኖርበት ነው። ዘበኛው «ቅመሺ እህቴ» ይለኛል። ሞላ ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ጉሮሮዬን ያያል። እቆርሳለሁ። አጎርሳለሁ ራሴን። እውጣለሁ። ፊቱ ይፈካል። አጥሩን እስክዞር እይዘዋለሁ። ከዞርኩ በኋላ አስመልሳለሁ። እሱ ግን አንድም ቀን አላየኝም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

አንድ ቀን «እታለም፣ ሁለት ዓይነት ወጥ ይዘሽልኝ ነይ፣ ጎመንም ጨምሪበት» አለኝ። እስር ቤት ገብቶ ሆዳም ሆነ ብዬ ታዘብኩት። ለካ ምግቡን ለእስረኞቹ ነው የሚያድለው። ዓይነቱ በበዛ ቁጥር ደጋግሜ እንደምቀምስ አስቦ ነው። ይህ ሲገባኝ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ስድስተኛው ዙር በክብደቴ ምክንያት ተላለፈና ዘግይቶ ተሰጠኝ። አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅምና ደስ የሚል ነው፤ ጸጉሬ ከበፊቱ ይልቅ ተጠቅልሎ በቀለ፣ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው ተባለ፣ ክፍል ተመልሼ ገብቼ ተማሪዎቼ አቧራ እስኪነሣ ወንበር እየደበደቡ ተቀበሉኝ፣ ዶክተሯም በየጊዜው ስታየኝ ቆይታ አንድ ቀን አንገቴን ዳስሳ «ከእንግዲህ እንዲሁ ለሰላምታ ነይ» አለችኝ።

አሁን የምመክራችሁን ስሙኝ። ቅጠሉ ካንሰሬን አላዳነም። ያዳነኝ ኬሞቴራፒው ነው። ቅጠሉ ያበላኝ ነበር፣ መድኃኒቱን እንድሸከም። ጋንጃ ካንሰር ይፈውሳል የሚላችሁ ካለ አትስሙት፤ ሕክምናችሁን እንዳትተዉ። ለተማሪዎቼም ዛሬ ድረስ አታጭሱ እላለሁ። የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ተናገሩ። ወንድማችሁንም እንደ እኔ ለዚህ አትላኩ፤ እኔ የበላሁትን የከፈለው እሱ ነው።

ሕግ ለሚያወጡት ደግሞ ይህን እላለሁ። ጫት በየገበያው ይሸጣል፤ አረቄ በየደጁ ይወጣል። ሞርፊን ራሱ አደንዛዥ ነው፤ ግን ተቆልፎበት ተቀምጦ በሐኪም ፊርማ ለሚያስፈልገው ይሰጣል። ለዚህም ቅጠል ቁልፉንና ፊርማውን ስጡት። ቤተ ክርስቲያን የጾም ሕጓን ለታመመ ካላላች መንግሥት ምን ይቸግረዋል? ዶክተሬ ሕግ ሳትፈራ መጠኑን ብትነግረኝ ኖሮ ያን ሌሊት ግድግዳ አያስፈራኝም፣ ወንድሜም ሽቦ ውስጥ አይገባም ነበር።

ዶክተሬንና የንስሐ አባቴን አመሰግናለሁ። ሌላ የማመሰግነው አንድ ሰው ይቀረኛል።

ሞላ ሲፈታ መኪናውን አምኖ የሚሰጠው ሰው አላገኘም፤ ዋጃ አካባቢ መሬት ተኮናትሮ ራሱ ሽንኩርት ማልማት ያዘ። እዚያው አንዲት ሸጋ ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ላክን። አባትየው «ሐሺሽ ይዞ የታሰረ ነው አሉ» ብለው መለሷቸው። በኛ አገር ለሽምግልና ሴት አትላክም። ለሁለተኛው ጊዜ ሲሄዱ ግን እኔም ተከትያቸው ሄድኩ።

አባትየው እኔን እንዳላየ ሆነው ሽማግሌዎቹን ጠየቁ። «ልጁ የታሰረው በምንድን ነው?»



«በእኔ ነው» አልኩ ተነሥቼ። «ታምሜ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። እኔን ሊያበላ ነው የታሰረ።»

ሰውየው አሁን ዞረው አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን ሰጡን። እኒህንም ሰው እግዜር ይስጥልኝ፤ ሞላን እንደ ወንጀለኛ ላለመቁጠር አዲስ ሕግ እስኪወጣ አልጠበቁም።