አባዬ የመጀመሪያው ቤዝ ላይ የቆመ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ሆላንድ፣ ቭላርዲንገን ከተማ ውስጥ ፓኬት ላደርስ ስነዳ፣ ከመንገዱ ዳር በታጠረች ሜዳ ውስጥ ኳስ የተቀመጠባት አንዲት አጭር ዘንግ አየሁ። መኪናዋን አቆምኩ። "ፓኬቱስ?" እንዳትሉኝ፤ ከሮተርዳም እስከ ዴንሃግ ካሉት ሹፌሮች ሁሉ ፈጣኑ እኔ ነኝ፣ ትንሽ ብቆም ማንም አይደርስብኝም።

እዚያች ሜዳ ላይ ነው ልጅነቴ ያለፈው። ቲቦል እጫወት ነበር። ቲቦል ማለት የትንንሽ ልጆች ቤዝቦል ነው፤ ኳሷን የሚወረውርልህ የለም፣ ዘንግ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅሃለች። በዱላ ትመታታለህ፣ ከዚያ መሬት ላይ የተነጠፉ ትራስ የሚመስሉ አራት ቤዞችን እየረገጥክ ትዞራለህ። ነጥብ አይቆጠርም፣ ያሸነፈም የተሸነፈም የለም። ትምህርት ላይ እንኳ ብዙም ጎበዝ አልነበርኩም፣ የማይቆጠር ነገር ይመቸኛል።

አባዬ የደሴ ሰው ነው። ያኔ ወደቡ ዳር የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ቅዳሜም ጭምር። የሰው ሁሉ አባት አጥሩን ተደግፎ ሲጮህ የኔ አባት የለም። እኔ ደግሞ ለቡድኑ ልጆች "አባቴ ሲመጣ ታያላችሁ፣ በአንድ እጁ መርከብ ይጎትታል" ብዬ አውርቼ ጨርሻለሁ። ካልመጣ አለቀልኝ።

አንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ፈረቃው ተቀየረና መጣ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ሳሩ ርሷል፣ ነፋሱ የወንዙን ሽታ ያመጣል። አባዬም ያን ሁሉ ሽቶ ተቀብቶ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሜዳውን ትክ ብሎ አየው። አንዱ ልጅ አበባ ይለቅማል፣ አንዷ ወደ ኋላ ትሮጣለች፣ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል።

"ኳሷን ማን ነው የሚወረውራት?"

"ማንም። ቆማ ትጠብቃለች።"

"የቆመን መምታት ምኑ ጀግንነት ነው?"

"ጨዋታ ነው እኮ አባዬ!"

"እሺ፣ ማን እየመራ ነው?"

"አይቆጠርም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የሚያጨበጭቡት?"

ይሄን ጊዜ አሰልጣኛችን ማሪከ መጣች። የሚያግዛት ወላጅ ጎድሎባት ነበርና አባዬን ወስዳ የመጀመሪያው ቤዝ ላይ አቆመችው። ሥራው ቀላል ነው፤ ልጅ ሲደርስ "ቀጥል፣ ሩጥ" ማለት።

ለወሎ ሰው ግን ቀላል አይደለም። አንዲት ባለ ቀይ ፀጉር ልጅ እያለከለከች ስትደርስ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት። "ኹት? ማማ ኹት? ፓፓ ኹት?" ደህና ናችሁ ወይ ማለቱ ነው፤ የሚያውቀው የደች ቋንቋ ያው ነበር። ልጅቷም ስለታመመችው አያቷ ታወራው ጀመር። የሚቀጥለውም ደረሰ፣ እሱም ተጨበጠ። ወዲያው ቤዙ ላይ ሰልፍ ሆነ፣ ወደ ሁለተኛው የሚሮጥ ጠፋ።

"አባዬ፣ ልቀቃቸው!" አልኩት ከሩቅ።

"አጠገቤ መጥቶ የቆመን ሰው ሰላም ሳልል? ነውር አይደለም እንዴ ልጄ!"

ተራዬ ደረሰ። አራቱንም ቤዝ ሳልቆም እዞራለሁ ብዬ ፎክሬያለሁ። መታኋት። ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ፣ ኳሷ ዴንሃግ ልትደርስ ምንም አልቀራት። ሮጥኩ። አባዬ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል።

"ሩጥ! ሩጥ!" ይላል ሜዳው ሁሉ።

እጄን ያዘኝ። ብርድ የሰነጣጠቀው እጅ ነው፣ ግን ይሞቃል።

"እንዴት ነህ ልጄ?" አለኝ፣ ጠዋት አብረን ቁርስ እንዳልበላን ሁሉ። "እናትህስ ደህና ናት?"

"አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ናት።"

ኳሷን አምጥተው ዘንጓ ላይ መልሰው አስቀመጧት። እኔ ንቅንቅ አላልኩም። ወዴት ነው የምሮጠው?

ከዓመታት በኋላ አባዬ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ተመልሶ ደሴ ገባ። በስልክ ሰላምታው ዛሬም ረጅም ነው፣ ኔትወርኩ ግን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። "አለህ?" ይለኛል። አለሁ። አለቃዬም ደንበኛውም ሩጥ ነው የሚሉኝ፤ እሮጣለሁም፣ የሚቀድመኝ የለም። አንዳንዴ ብቻ በር ላይ ፓኬት ሳቀብል፣ እጄን ትንሽ አቆያታለሁ። ሰውየው "ሌላ ነገር አለ?" ብሎ ያየኛል።

"የለም" ብዬው እሄዳለሁ።