ባለቀንዷ ሳይክል

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደጃፌ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ ልጄ ማህደር ከሐዋሳ ሁለት ፎቶዎች ላከችልኝ። አንደኛው ለመንገድ ውድድር የሚሆን ሳይክል ነው፤ እኛ በልጅነታችን ኮርሳ የምንለው፣ መሪው ወደ ታች የተቆለመመው ዓይነት። ሁለተኛው ለትሪያትሎን የተሠራ ነው። ትሪያትሎን ዋና፣ ሳይክልና ሩጫን አከታትሎ የሚያስኬድ ውድድር ነው፤ ልጄ ሌላ ሥራ የጠፋ ይመስል ራሷን የከተተችበት ጣጣ። የዚህኛው ሳይክል መሪ ላይ ሁለት ብረቶች እንደ በሬ ቀንድ ወደ ፊት ወጥተዋል። ክንድን እነሱ ላይ አስተኝቶ፣ ጀርባን አጉብጦ፣ አንገትን ደፍቶ ነው የሚጋለበው። ከሥሩ፣ “እማ፣ ክለቡ አንዱን ምረጪ ብሎኛል። የቱ ይሻለኛል?” ብላ ጽፋለች።

ምስሩን አስቀመጥኩት። ነገሌ ተቀምጦ ይህ ጥያቄ ሁለት ጊዜ የደረሰው ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ሲደርሰኝ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባቴ ሃምሳ አለቃ ተሰማ የጎጃም ሰው ነው። ጦር ሰፈሩ ውስጥ መኪና ሲጠግን ኖሮ፣ ጦሩ ሲበተን ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ገበያው አጠገብ ቆርቆሮ ወጥሮ ሳይክል መጠገን ጀመረ። እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ጎማ ስነፋ፣ ካቴና በዘይት ስቀባ፣ የተጠገነውን ልሞክረው እያልኩ ስጋልብ ከረምኩና ከተማው ውስጥ የሚቀድመኝ ጠፋ። የሰፈራችን ወንዶች ይህን ስናገር ዛሬም ይከራከሩኛል። ይከራከሩ።

በዚያው ዓመት ናዝሬት ለሚደረግ ውድድር ከዞኑ ሁለት ሴቶች ይመረጣሉ ተባለ። እኔ ከነገሌ ወጥቼ የማውቀው እስከ ክብረ መንግሥት ድረስ ብቻ ነበር። መመረጥ ማለት ለእኔ መንገዱ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ማለት ነበር። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እኔ ናዝሬት እየገባሁ ነበር።

ከሞያሌ ዕቃ የሚያመጡት ነጋዴ ሐጂ አደን፣ በኬንያ በኩል ከገባ ልባሽ ዕቃ መሃል ሁለት ሳይክሎች አግኝተው አባቴ ዘንድ አመጧቸው። አንዷ ኮርሳ ናት። ሌላዋ፣ ዛሬ ስሟን አወቅሁት እንጂ፣ ያኔ ማናችንም ምን እንደሆነች አላወቅንም። ሐጂ ሁለቱን አስተካክሎ እንዲገጣጥምላቸው አባቴን ለመኑትና አንዷን እኔ እንድወዳደርባት እንደሚሰጡኝ፣ የቀረችውን ዱብሉቅ ላለው የእህታቸው ልጅ እንደሚልኳት ነገሩን። መርጠን እንድናሳውቃቸው አንድ ሳምንት ሰጡን።

አባቴ ወዲያው ኮርሳዋን ወደደ። መንገዳችን ኮረኮንች ነው፣ ኮርሳዋ ላይ ቀና ብለሽ ጉድጓዱን ታያለሽ፣ ፍሬኑም ከእጅሽ ሥር ነው ብሎ አስረዳኝ። እኔ ግን ልቤ ባለቀንዷ ላይ ቀረ። ስሙን ያወጡላት የገበያው ሰዎች ናቸው፤ ከብት በሚወደድበት አገር ሌላ ምን ስም ሊያወጡላት ኖሯል? ክንዴን አሳርፌ ጎንበስ ስል ነፋሱ ከጀርባዬ በላይ ያልፋል፣ ፔዳሉ ይቀለኛል። አባቴ ሁለት ቀን ካየኝ በኋላ ምርጫው የአንቺ ነው ብሎ ተወኝ።

እዚህ ላይ ስለ ኦቦ ጉዮ መናገር አለብኝ። ጦሩ ሲበተን አባቴን ወባ ጥሎት መንገድ ዳር ያገኙት እኚህ ቦረና ሽማግሌ ናቸው። እናቴና እኔ ሞቷል ብለን ስናለቅስ፣ እሳቸው ቤታቸው አስተኝተው አንድ ወር ሙሉ ወተት እያጠጡ አቆሙት። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ጭስ ጭስ የሚል ወተት በጮጮ ይዘው ይመጣሉ፣ አባቴ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ወሬያቸው ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ፣ አብዛኛው ዝምታ ነበር።

ሰላምታቸው ግን ረጅም ነው። ቦረና ሰላምታ ላይ አይቸኩልም። “ናጋ?” ይልሃል፣ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው፤ አንተም “ናጋ” ትላለህ። ከዚያ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ልጆቹ፣ የመጣህበት መንገድ ሁሉ በየተራ ይጠየቃል። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ይህን ሳይጨርሱ አይተላለፉም።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለዳ በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁና ባለቀንዷን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ ጥሎ አባርቷል። ቀዩ አፈር ጠጠር ብሏል፣ ግራሮቹ ሥር ሣር በቅሏል፣ አየሩ እርጥብ አፈርና የከብት ሽታ አለው። አንገቴን ደፍቼ የፊት ጎማዬን ብቻ እያየሁ በረርኩ። የኦቦ ጉዮ መንደር አካባቢ ስደርስ ከመንገዱ ዳር አንድ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ፍጥነቴን ላለማጥፋት ቀና አላልኩም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ አባቴ ዘንድ ቆሜ ስለ ፍጥነቴ ጉራዬን ስነዛ ኦቦ ጉዮ መጡ። የገበያ ቀን አልነበረም፤ ወተትም አልያዙም። እስከ ጉልበታቸው ቀይ ጭቃ ለብሰዋል። አባቴ የታጠፈ ቸርኬ ሲያቃና አዩትና ባሉበት ቆሙ። ከዚያ መጥተው መሬቱ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ እጃቸውን አባቴ ጉልበት ላይ አድርገው አልለቅ አሉ። ሰላምታ ላይ ሩብ ሰዓት የሚያጠፉት ሰው አንድ ቃል አልወጣቸውም።

“ኦቦ ጉዮ፣ ምን ሆኑ?” አለ አባቴ።

“ልጅቱን ናጋ አልኳት። አልመለሰችም” አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። “ሰው ናጋ ሲሉት ዝም ብሎ የሚሮጠው መርዶ ሲይዝ ነው። ተሰማ ሞቷል ብዬ መጣሁ።”

በእግር፣ እሳቸው በመጡበት ጭቃማ አቋራጭ እንኳ፣ ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ወዳጃቸውን ሊቀብሩ ነበር የተጓዙት። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው አልተቀየሙም፤ አባቴ በሕይወት በመኖሩ ከደስታቸው ብዛት ለእኔ ጥፋት ቦታ አልተረፈም። አባቴ ሻይ በወተት አስመጣላቸው። ከዚያ ለእኔ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቸርኬው ተመለሰ። ቢቆጣኝ ምንኛ በተሻለኝ።

ሻዩን ጠጥተው ሲረጋጉ ወደ ባለቀንዷ ሄዱና ብረቶቹን በመዳፋቸው ዳሰሷቸው።

“ይቺ ከዚያችኛዋ ይልቅ ትሮጣለች?” አሉኝ።

“አዎ አባባ፣ ትሮጣለች።”

“እንግዲያ በሷ ሂጂ፣ ኢንታላ ቲያ። እኔ ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ካላየሁሽ ናጋ አልልሽም፤ አንቺም አትቸገሪም።”

ልጄ ሆይ ብለው በቋንቋቸው የጠሩኝ ያን ቀን ነው። የጠሩኝ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተቀመጡበትን መንገድ ለእኔ ሩጫ ሊለቁልኝ ነው። በማግስቱ ሐጂ አደን ሱቅ ሄጄ ኮርሳዋን መርጫለሁ አልኳቸው። አባቴ ባለቀንዷን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ዱብሉቅ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ጫናት። መኪናው ሲሄድ አልቅሻለሁ፣ ምን ይደበቃል።

የዞኑ ማጣሪያ ውድድር ላይ ሦስተኛ ወጣሁ። ከያቤሎና ከሻኪሶ የመጡ ሁለት ልጆች ተመረጡ። መጨረሻው ቀጥ ያለ ሜዳ ነበር፣ ነፋሱም ከፊት ይመጣ ነበር፤ ደረቴን ሰጥቼው ስጋልብ ዱብሉቅ የሄደችውን እያሰብኩ ነበር። ባለቀንዷ ብትሆን ታሸንፊ ነበር ወይ የሚለኝ ሰው ቢኖር መልስ የለኝም። ለሳምንት ያህል ኦቦ ጉዮን በሆዴ ተቀይሜአቸው ነበር፤ በገበያው ቀን ከጮጮው ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ሲቀዱልኝ ቅያሜዬን ተውኩት።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ሲያርፍ እኔ አስተማሪ ሆኜ ማህደርን ወልጄ ነበር። ለኦቦ ጉዮ ማን ይንገራቸው ሲባል እኔ እሄዳለሁ አልኩ። መኪናው መንደሩ ጥግ አወረደኝና በእግሬ ወደ ቤታቸው አመራሁ። ከሩቅ አይተውኝ ተነሡ፣ ዓይናቸው ደክሟል ግን አወቁኝ። ቀድሜ “ናጋ” አልኳቸው። “ናጋ” አሉኝ። ከተማው ዘነበ ወይ አሉኝ። ሕፃኗስ? ትምህርት ቤቱስ? እናትሽስ? ፍየሎቻችሁስ? ለሁሉም ናጋ ናጋ እያልኩ መለስኩ። አባቴን አልጠየቁኝም። ጥያቄው ሲያልቅባቸው ተመልሰው ፍየሎቹን ጠየቁኝ። ከዚያ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

“አሁን ንገሪኝ” አሉ።

ያን ያህል ጊዜ የወሰዱት ለእኔ አዝነው ይሁን ለራሳቸው፣ እስካሁን አላውቅም። ብቻ አባቴ ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ለሁለታችንም በሕይወት ነበር።

ምስሩን ለቅሜ ስጨርስ ለማህደር መለስኩላት። ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ለውድድሩ ይዘጋል፣ ዘበኛ ይቆምበታል፣ ማንም አያልፍበትም። እዚያ ላይ አንገቷን ብትደፋ የምታስቀይመው ሰው የለም። ባለቀንዷን ምረጪ፣ እሷ ትሮጣለች አልኳት። ደስ አላት። ከአፍታ በኋላ ግን እኔ በጊዜዬ ለምን ኮርሳዋን እንደመረጥኩ ጠየቀችኝ።

ሦስተኛ መውጣቴ ዛሬም ድረስ እንደሚቆጨኝ ልጽፍላት ጀምሬ አጠፋሁት። ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ልጽፍ ጀምሬም በስልክ አልሆን አለኝ። በመጨረሻ፣ “በእኔ መንገድ ላይ ሰው ነበር” ብዬ ላክሁላት።