«በዘርዎ አለ?»

በእናቴ ሕመም ላይ ሐኪም ፊት ዋሽቻለሁ።

ጣቶቿ አብጠው አልታጠፍ ስላሏት ከአምባ ጊዮርጊስ አምጥቼ ጎንደር፣ አራዳ ካለ ክሊኒክ ወሰድኋት። ወጣቱ ሐኪም እጇን አይቶ ሲያበቃ አፏን እንድትከፍት ጠየቃት።

«ምነው ልጄ፣ ያመመኝ እጄን፤ አንተ ጥርሴን የምታየው በቅሎ ልትገዛ ነው?»

ሳቀና ድዷ መቁሰሉን አሳየኝ። ይህ ዓይነቱ ቁርጥማትና የድድ በሽታ በዘር የሚወረስ የጋራ መነሻ ሊኖራቸው እንደሚችል አስረድቶን፣ «እማማ፣ እንዲህ ያለ ሕመም በዘርዎ አለ?» አላት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር «በዘራቸው አለባቸው» ማለት ቁምጥና ማለት ነው፤ ከዚያ ቤት ልጅ የሚያጭ የለም። ታናሽ እህቴ ደግሞ ለፋሲካ ማግስት ልትዳር ነው።

«የለም» አለች እናቴ።

«እህት ወንድምስ?»

«ሁሉም ሸጋ ናቸው።»

የእናቴ እህት የሞተችው ጣቶቿ ተቆልምመው፣ ጥርሶቿ ረግፈው ነው። ሐኪሙ ለሕክምናዋ እንደሚጠቅመው ነግሮኝ እኔን ጠየቀኝ። እናቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«የለም» አልሁት።

ስንወጣ ተራ ከሚጠብቁት መካከል የእህቴ እጮኛ እናት ጉንጫቸው አብጦ ተቀምጠዋል። እናቴ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«የታመመ ልንጠይቅ መጥተን ነው» አለች።

«እኔም» አሉ፣ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ። ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ተሳሳሙ።

ተመልሼ ለሐኪሙ እውነቱን መንገር ሲገባኝ እናቴን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድሁ። ይቅር በሉኝ።