የሦስተኛው ፎቅ ቦምቦሊኖ

ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ስመለስ ድንገተኛ ዝናብ ያዘኝና አንድ የታክሲ መናኸሪያ ጣሪያ ሥር ተጠለልኩ። አጠገቤ አንዲት ሴት በጋዝ ምድጃ ላይ ማግዊንያ ትጠብሳለች፤ እኛ ቦምቦሊኖ የምንለውን ማለት ነው። ሊጡ የጋለው ዘይት ውስጥ ሲገባ ጭስስ አለና የእርሾው ሽታ ከእርጥቡ አስፋልት ሽታ ጋር ተደባልቆ መጣብኝ። ሰው ይጋፋል፤ ተራ አስከባሪዎቹ ይጮኻሉ። እኔ ግን ተራዬ ደርሶ እንኳ አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላዬ የነበሩት እያለፉኝ ገቡ። እትዬ በየነች ፊቴ ላይ ድቅን ብላብኝ ነበር።

የምንኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ስደተኛ በሚበዛበት የዮቪል ሰፈር ነው፤ ያኔ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሕንፃው አሮጌ ነው። ሊፍቱ እኔ ሳልወለድ እንደቆመ ይነገራል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ባለ ሁለት መኝታ ቤት አንዱን ክፍል እኔና እናቴ፣ ሌላውን እትዬ በየነችና ባሏ ጋሽ ላምቤቦ ተከራይተን ወጥ ቤቱን በጋራ እንጠቀም ነበር። እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ ውስጥ መጋረጃና ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። እነሱ ከሆሳዕና ወዲያ ከገጠር የመጡ ናቸው። እትዬ በየነች ጴንጤ ስለሆነች የእናቴን ጾም አትጾምም። ግን ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ጠብሳ አታውቅም። “ሽታው ያስቸግራታል፣ ብተወው ምን ይጎዳኛል” ትላለች።

አጠር ያለች፣ ክንደ ወፍራም ሴት ነበረች። አንድ የፊት ጥርሷ ስለወለቀ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። አማርኛን የተማረችው አድጋ ነውና ወንዱና ሴቱ ይደባለቅባት ነበር፤ “ሔሉ የት ሄደ?” እያለች ትፈልገኛለች፣ እኔን ሴቷን። “አንቱ” ብላት “አሮጊት አደረግሽኝ እንዴ? አንቺ በይኝ” ብላ አስጣለችኝ፤ ባሏንም እንደዚያው። ልብስ ስታጥብ በሀድይኛ ትዘምራለች። ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ዛሬም አልጠፋኝም።

ጋሽ ላምቤቦ ካትሌሆንግ በሚባል ከከተማው ወጣ ያለ ሰፈር ውስጥ የአንዲት አሮጊት ጋራዥ ተከራይቶ ስፓዛ ከፍቶ ነበር፤ ዳቦ፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ የምትሸጥ ትንሽ ሱቅ። የሚያድረውም እዚያው ከመደርደሪያው ጀርባ ፍራሽ ዘርግቶ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ እሑድ ይመጣና ሰኞ ሳይነጋ ይሄዳል። ግራ እጁ ላይ ከክርኑ እስከ አንጓው የሚወርድ ጠባሳ አለው። ሌቦች ሱቁን ሲዘርፉ ያተረፉለት ነው። ሲያወራ ያን እጁን ሁልጊዜ ከጠረጴዛው ሥር ይደብቃል።

ከዚያ ኮሮና መጣና አገር ተዘጋ። ሌሊት እንኳ ዝም ብሎ የማያውቀው መንገዳችን በአንድ ጊዜ ጭር አለ። ከመስኮት ሆኜ ቁልቁል ሳይ የወታደር መኪና በቀስታ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ የሚያንከባልለው የቺፕስ ላስቲክ ብቻ። የእናቴ አሠሪ ሱቁን ቆለፈና ስልክ ማንሳት አቆመ። ጋሽ ላምቤቦም እዚያው ካትሌሆንግ ቀረ። ማታ ማታ እትዬ በየነች ስልኳን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ ፊቱን እያየች ራቷን ትበላለች።

አንድ ቅዳሜ ለቤተ ክርስቲያን ዝግጅት ብላ የገዛችውን ዱቄት አወጣች። “ጸሎት ቤቱ ተዘግቷል፤ ነቀዝ ከሚበላው እኛ እንብላው” አለች። ኮረሪማ ወቀጠች፤ ሊጡን በቢጫው የፕላስቲክ ሳፋ ለውሳ በብርድ ልብስ ሸፈነችው። መጥበስ ስትጀምር ሽታው በበሩ ሥር ሾልኮ ኮሪደሩን ሞላው። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ማማ ታንዳይ ነበረች፤ ከዚምባብዌ የመጣች፣ በሰው ቤት ጽዳት እየሠራች ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት። አፏን በሻርፕ ሸፍናለች።

“ሲስ፣ ልጆቹ ሸትቷቸው አላስቀምጥ አሉኝ። ስንት ነው የምትሸጪው?” አለች በእንግሊዝኛ።

እትዬ በየነች ደንግጣ ወደ እናቴ ዞረች። “ለጎረቤት ይሸጣል እንዴ? ነውር አይደለም?” አለች በአማርኛ። በሳህን ሞልታ ሰጠቻትና እጇን አወራጭታ ገንዘብ አልቀበልም አለች። በማግስቱ ማማ ታንዳይ ሳህኑን አጥባ፣ ሳንቲም አድርጋበት መለሰችው። “ነገም እፈልጋለሁ፤ በነፃ ከሰጠሽኝ ግን ሁለተኛ በርሽን ማንኳኳት አልችልም” አለቻት። እትዬ በየነች ያቺን ቃል ለብዙ ቀን ለራሷ ስትደጋግማት ሰምቻለሁ።

እንዲህ ተጀመረ። ከማማ ታንዳይ ቀጥሎ የአራተኛው ፎቅ ኮንጎዎች መጡ፤ ከዚያ ለሥራ ማልዳ የምትወጣው ነርስ፣ ከዚያ የሕንፃው ዘበኛ። እትዬ በየነች ማታ ለውሳ ታሳድርና ሳይነጋ ትጠብሳለች። እናቴ ሥራ ፈትታ መቀመጥ ሲሰለቻት ሊጡን መድቦልቦል ያዘች። የመብራት ቆጣሪው ጢጥ ጢጥ እያለ የተሞላው ካርድ ሊያልቅ መሆኑን ሲናገር ሁለቱም በአንድ ላይ “እስቲ ትንሽ ታገስ!” ይሉታል እንደ ሰው።

መንገዱ ተከፍቶ ጋሽ ላምቤቦ ሲመጣ ከስቶ ነበር፤ ጢሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል። ያን እሑድ ራት ላይ የሆነውን አልረሳውም። እናቴ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራ መስዬ አዳምጣለሁ።

“ላምቤቦ፣ ሱቁን ተወው” አለችው እትዬ በየነች።

ማንኪያውን አስቀመጠ። “ትቼስ?”

“ትተህ ና። እዚህ ከቤት እንሥራ።”

“እኔ ኮሪደር ላይ ቦምቦሊኖ ልሽጥ? ላምቤቦ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዶ የሚስቱ ድስት ጠባቂ ሆነ ሊሉኝ ነው?”

“የሚሉህ ሰዎች ኪራይህን ይከፍሉልሃል?” አለችና ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። “ሱቁ ብዙ ይሸጣል፤ አላጣሁትም። ግን ከሸጥከው ላይ መጀመሪያ የምትበላው ባለ ጋራዧ ናት። ቀጥሎ እንጠብቅሃለን የሚሉህ ልጆች። ቀጥሎ መብራቱ፣ ዕቃ ጭኖ የሚያመጣልህ መኪና። እንደምንም ሞላ ስትል ደግሞ ሌባ ይመጣና ጠርጎት ይሄዳል፤ እንደገና ከባዶ ትነሣለህ። ባለቤቱ አንተ ትመስላለህ እንጂ አንተ ዘበኛው ነህ። የኔ ድስት ትንሽ ናት፤ ግን አታፈስም። የዚህን ቤት ኪራይ ብጠብስም ባልጠብስም እከፍላለሁ። ታክሲ አልሳፈርም፤ ገበያው በሬ ላይ ነው። ያልተሸጠልኝን እንበላዋለን። የቀረው ሁሉ የራሳችን ነው።”

ጋሽ ላምቤቦ በቀኝ እጁ ማንኪያውን መልሶ አነሣ። ግራ እጁ ከጠረጴዛው ሥር ነበር። እሷ እጇን ሰዳ አወጣችውና ጠባሳውን በመዳፏ ሸፈነችው።

“ይሄንንስ አስበኸዋል? ይሄ ወጪ አይደለም?” አለችው።

እናቴ ቢላዋውን አስቀምጣ “እውነቷን ነው፣ ወንድሜ” አለች። እሱ እጁን ከእጇ ሳይስብ “እሺ፤ ለአገሬ ልጅ ላስረክበው” አለ። እትዬ በየነች አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት በቤታችን ካየኋቸው ሁሉ ያማሩ ነበሩ። ጋሽ ላምቤቦ እጅጌውን ሰብስቦ ሊጡን ሲደበድበው የታችኛው ፎቅ ጣሪያ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ትኩሱን በፕላስቲክ ሣጥን ይዞ ደረጃውን እየወረደ “ሺሳ! ሺሳ!” ይላል፤ በዙሉ ትኩስ ነው፣ ያቃጥላል ማለት ነው። ሕፃናቱ እየተከተሉ ያስተጋቡለታል። ባልና ሚስቱ በአዘቦት ቀን አብረው ምሳ ሲበሉ ያየኋቸው ያኔ ነው። አንድ ቀን እትዬ በየነች ሰሃን እያደረቀች ለእናቴ “አሁን እኮ አብረን ነን፤ እግዜር ከፈቀደ ልጅም ይመጣ ይሆናል” ስትል ሰማኋት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ እንደ አዲስ ሙሽራ።

ሁለተኛው የበሽታው ማዕበል የመጣው በዓመቱ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ እሷን ጉንፋን ቢጤ ያዛትና ለቀቃት። ቀጥሎ እሱን ያዘው፤ አልለቀቀውም። በጃንዋሪ ወር በአንዱ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ እያጉረመረመ፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። ሊፍት የለምና ሦስቱን ፎቅ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ እየቆመ እየተነፈሰ፣ በራሱ እግር ወረደ። እትዬ በየነችን አምቡላንሱ ውስጥ አትገቢም አሏት። በሩ ሳይዘጋ ቀና ብሎ አያትና “ሊጡ ሞልቶ እንዳይፈስ፤ ውጪና እዪው” አላት።

ከዚያ ወዲያ በዓይኗ አላየችውም። ሞቱን በስልክ ያረዳቻት የሆስፒታሉ ነርስ ድምፅዋ የደከመ ነበር። ሬሳው አገር ቤት መሄድ አልተቻለም። ቀብሩ ላይ እንዲገኙ የተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሣጥኑ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር አለች እናቴ። ለቅሶ የሚደርስ የለም፤ ድንኳን የለም፤ ከሆሳዕና ወዲያ ያሉት ዘመዶቹ በስልክ ውስጥ ይጮኻሉ፤ መስመሩ ይቆረጣል፣ እንደገና ይጮኻሉ።

ያን ዕለት ሲመሽ ግን ኮሪደሩ ላይ ድምፅ ሰማን። በሩን ስንከፍት ጎረቤቱ ሁሉ ማስክ አድርጎ፣ እያንዳንዱ በየራሱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ማማ ታንዳይ በሾና መዝሙር አነሣች፤ ኮንጎዎቹ ከላይ ከደረጃው ሆነው በራሳቸው ቋንቋ ተቀበሏት። እትዬ በየነች ደጃፉ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማንም ሊነካት አልቻለም፤ ማንም ደግሞ ወደ ቤቱ አልገባም። በመጨረሻ እሷም በሀድይኛ ጀመረች። ድምፅዋ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ እነሱ ቃሉን ሳያውቁ ዜማውን ይዘው ጨረሱላት።

ለብዙ ሳምንት ምድጃው አልተለኮሰም። አንድ ቀን ለእናቴ እንዲህ አለቻት፤ “ገነት፣ ኪራዩን አሰብኩ፣ ሌባውን አሰብኩ፣ መንገዱን አሰብኩ። ይሄን ግን አላሰብኩም። እዚያው ቢቀር ኖሮ...”

“በሽታው ካትሌሆንግም ነበር እኮ፣ በየነች።”

“ነበር። ግን እዚያ ቢሞት እኔ አልጠራሁትም ነበር።”

እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ጀርባዋን ስታሻሻት ቆየች። ያን እሑድ እትዬ በየነች ለባሏ ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። ልክ መሆኗ አላዳነውም።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ጠዋት ዘይት ሲቃጠል ሸቶኝ ብድግ አልኩ። ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ እትዬ በየነች ግን ምድጃው ፊት ቆማ ሊጥ ትቆርጣለች። በሽታው ማሽተቷን ወስዶባት እንደነበር ያኔ አወቅን። ዘይቱን ደፍታ ሌላ ጣደች። ሲበስል አንዱን ገምሳ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችልኝ።

“ኮረሪማው ይሸታል?”

“ይሸታል።”

“በደንብ?”

“በደንብ፣ እትዬ።”

ራሷን ነቀነቀች። አምናኝ ነው እንጂ አውቃው አልነበረም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን እጇ መሥራት አላቆመም።

የዚያን ዓመት ክረምትና ጸደይ ሠራች። እናቴን ልክ እንደ እኅቷ አስቀምጣ አስተማረቻት፤ ዱቄት ከየት እንደሚረክስ፣ መብራት በየትኛው ሰዓት እንደሚቆጠብ፣ የዱቤ ደንበኛን ሳያስከፉ እንዴት እንደሚመልሱ። ይህን ሁሉ ያደረገችው ልትሄድ ስለሆነ መሆኑን ያወቅነው ሻንጣ ስትገዛ ነው። “እናቱ እኔን በዓይናቸው ሳያዩ ሞቱን አላምንም ብለዋል። ሄጄ አብሬያቸው ለቅሶ ልቀመጥ” አለች። ሻንጣዋ ውስጥ የእሱን ካፖርት አጣጥፋ አስገባች። እመለሳለሁ አላለችም፤ አልመለስምም አላለችም። በሩ ላይ ጉንጬን ይዛ “ሔሉ፣ ጎበዝ ሁን” አለችኝ፤ እንደ ወንድ ልጅ። ማንም አላረማትም። አገር ቤት ቀረች፤ አማቷን ስታስታምም ቆይታ ቀበረች፤ አሁን በዓል ሲሆን ትደውላለች።

እናቴ ቦምቦሊኖውን ቀጠለች። የዚያ የጀፕ ሱቅ ባለቤት ከብዙ ጊዜ በኋላ ደውሎ ተመለሺ ሲላት፣ ሰው ፊት ደፍራ የማትናገረው እናቴ “እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ለእኔ አያዋጣኝም” ስትለው አጠገቧ ነበርኩ። ከዘጋች በኋላ ራሷ በድፍረቷ ተገርማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እኔን የሚያስተምረኝ ይኸው ሥራ ነው።

ጎረቤቶቹ “በየነች” ማለት አይሆንላቸውምና እትዬ በየነችን “ቤኒ” ነበር የሚሏት። ስሙ ሴትዮዋን አልተከተላትም፤ በራችን ላይ ቀረ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ እሷ ስትሄድ ገና ያልተወለደች የአዲስ ጎረቤት ልጅ በሩን በመዳፏ እየመታች “አንቲ ቤኒ! አንቲ ቤኒ!” ትላለች።

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ “መጣሁ” አለች።