የመርዶ ሰሞን ደግነት

ደግነት ያስፈራኛል። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ጎረቤት በደህና ቀን፣ ያለ ምክንያት፣ ትኩስ ነገር በሳህን ሸፍና በሬን ስታንኳኳ፣ «ኧረ ለምን ደከምሽ» ከማለቴ በፊት ማን ሞተ እላለሁ በልቤ። ልጆቼ እናታችን ነካ ያደርጋታል ይላሉ። በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ አልኖሩማ።

ያኔ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ የቀበሌ ቤቶች የተጠጋጉበት ሰፈር ነበር የምኖረው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት ብቻ ነበር፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የጓደኛዬ። ጓደኛዬ ከጋሞ የመጣች ናት። ባሏ ሸማኔ ነው፤ እሷ ደግሞ እሱ የሠራውን ጋቢና ነጠላ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። ጴንጤዎች ነበሩ። የጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ መስኮታቸውን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እቤታቸው ነበር የሚዘምሩት። እኔ ደግሞ ማርያምን ሳልጠራ ውዬ አላውቅም። ቢሆንም ከእሷ የሚቀርበኝ ሰው አልነበረም። ጨው ሲያልቅብኝ ከጓዳዋ ሳልጠይቅ ነበር የማነሣው።

ሁለታችንም ሰሜን ጦር ሜዳ ሰው ነበረን። የእሷ የበኩር ልጅ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ምሽግ ውስጥ ነው። የኔ ታናሽ ወንድም ደግሞ የጦሩ መኪና ነጂ ነበር። እናታችን ስትሞት ገና በቅጡ ያልጠና ልጅ ነበር፤ አጥቤ፣ አጉርሼ፣ ገርፌም ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከእሱ ሌላ ወንድምም እህትም የለኝም። ሾፌር መሆኑ ያጽናናኝ ነበር። ሾፌር ከኋላ ሆኖ ስንቅ ያመላልሳል እንጂ አይዋጋም እያልኩ እተኛለሁ። ለእሷ ልጅ ግን እሳሳ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ፣ የወታደር ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ነበር የምሠራው፣ ግቢያችን በር ላይ ክራንች የተደገፈ ወታደር ከእድራችን ዳኛና ከጓደኛዬ ባል ጋር ቆሞ አገኘሁ። ሲያዩኝ ወሬያቸው ተቋረጠ። ወታደሩ አንዴ አየኝና አንገቱን ደፋ። የእድሩ ዳኛ ሳይቀልዱብኝ የማያልፉ ሽማግሌ ነበሩ፤ «ባል ይዘሽ ነው ያመሸሽው?» ካላሉኝ ቀኑ የሚመሽ አይመስላቸውም። ያን ቀን «ደህና ዋልሽ ልጄ» ብለው መንገድ ለቀቁልኝ።

ነገሩ ገባኝ። ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ። ልጁ ሞቷል፤ ለአባትየው ሹክ ብለውታል፤ እናትየው አልሰማችም። መርዶ እንደሆነ ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ ከያለበት እስኪሰበሰብ ይደበቃል፤ እስከዚያ ሐዘንተኛው ሳያውቅ እንዲበላ፣ እንዲተኛ፣ ጉልበት እንዲያጠራቅም ይደረጋል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ከሰሜን የመጣ ወሬ ጮክ ብሎ ማውራት ያስጠይቃል። ስለዚህ ማንንም አልጠየቅኩም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና «ተመስገን፣ የኔ አይደለም» አልኩ። ወዲያው አለቀስኩ፤ ያን ልጅ እኮ እኔም አዝየዋለሁ።

ያን ዕለት ማታ የባሏ የሽመና መወርወሪያ ድምፅ አልተሰማም። ለዓመታት በዚያ ድምፅ ነበር የምተኛው፤ ሲጠፋ ግቢው ሰው የሌለበት መሰለኝ። የሚሰማው የነሱ ጸሎት ብቻ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ፣ በቋንቋቸው፣ ቀስ ተብሎ። ቋንቋውን አላውቀውም። መካከል ላይ ግን ስሜን ሰማሁ። ቆየት ብሎ ደግሞ ስሜን ሰማሁ። ከአልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ለጎረቤት መጸለይ ልማዳቸው ነው ብዬ መልሼ ተኛሁ።

በማግስቱ የኔ ሥራ እሷን ማብላት ሆነ። የጾም ቀን መሆኑን ረስቼ እንቁላል ጠብሼ ልወስድላት ስነሳ፣ እሷ ራሷ በሬ ላይ ቆማለች፤ በእጇ በቅቤ የራሰ የቡላ ገንፎ። ቡላ እንዲያ ተደርጎ የሚሠራው ለአራስ ነው። «ምን ተገኘ?» ብላት፣ እንዲያው አማረኝ፣ ብቻዬን ደግሞ አይወርድልኝም አለች። የእናት ሆድ ሳይነገረው አውቆ ነው አልኩ በልቤ። አጎረስኳት። አጎረሰችኝ። እምቢ ስላት ትለምነኛለች፤ እምቢ ስትለኝ እለምናታለሁ። አንቺ ካልበላሽ አልበላም ተባባልን። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የኔም ሞላ፤ ሁለታችንም ዳጣው ነው፣ በርበሬው በዛ አልን። ገንፎው ውስጥ አንድም በርበሬ አልነበረበትም።

ከዚያ ደግነቱ ከየአቅጣጫው መጣ። ከአጥራችን ማዶ የምትኖር፣ በፍሳሽ ቦይ ምክንያት ከኔ ጋር የተኳረፈች ሴት ነበረች። ሰላምታ እንኳን የምትነፍገኝ ሴት ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። ዳቦውን እጄ ላይ አስቀመጠችና እጄን ቶሎ አልለቀቀችውም። «አይዞሽ» አለችኝ፣ ከዚያ ደነገጠችና «ብርዱን ማለቴ ነው» ብላ ሄደች። በኅብረት ሱቁ ሰልፍ ላይ የቆሙት ሰዎች አሳልፈው ከፊት አቆሙኝ፤ ሻጩም ስኳር ጨምሮ ሰፈረልኝ። ኳስ የሚራገጡ ልጆች ሳልፍ ኳሱን ይዘው ቆሙ። ቅዳሜ ደግሞ የፋብሪካ አለቃዬ፣ አንዲት ደቂቃ የማይምር ሰው፣ ደክሞሻል ሂጂ እረፊ አለኝ።

እንዴት ሳይገባሽ ቀረ ብትሉኝ አልፈርድባችሁም። ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ዳቦው ከሷ ጋር እንድካፈለው ነው። ስኳሩ ለለቀስተኛ ሻይ የማፈላው እኔ ስለሆንኩ ነው። አለቃዬን የእድራችን ሰው የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ነግራው ነው። ሰው ሁሉ ያዘነልኝ ጓደኛዬ ስለሆነች ነው። ወንድሜ ሾፌር ነው፣ ከኋላ ነው። በየመንገዱ ስሄድ ይህንን ነበር የምደግመው። ፍርሃቱ ግን ከእግሬ ሥር አልጠፋም፤ ሰው ባየኝ ቁጥር ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን አለ እል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የእድሩ ድንኳን አጥር ላይ ተዘርግቶ ነፋስ ሲመታው አየሁ። በቃ፣ ነገ ነው አልኩ። ጓደኛዬ ልታድር እኔ ቤት መጣች። ባሌ ያንኮራፋል፣ እንቅልፍ ነሳኝ አለች። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ እሱ አንኮራፍቶ አያውቅም። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ዓይኔ ሥር ብትሆን ይሻላል። እግርሽን ላጥብሽ አለችኝ፤ እኔ ላጥብሽ እንጂ አልኳት፤ በመጨረሻ እሷ አሸነፈች። ለብ ባለ ውሃ እግሬን ስታጥብ ቀና ብላ አላየችኝም። የወንድምሽ ጨዋታ ትዝ አለኝ ብላ፣ ልጅ ሆኖ በባሏ የሸማ መሥሪያ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ስንፈልገው የዋልንበትን ቀን አወራችልኝ። ሳቅን። እኔም በአጸፋው የልጇን ወሬ አነሳሁላት፤ ስሙን ልጥራላት ብዬ።

እሁድ ሊነጋ ሲል ነቃሁ። ከጎኔ የለችም። ጸሎቷን ልታደርስ ሄዳ ይሆናል ብዬ ለብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስትወድቅ የምይዛት እኔ ነኝ ብያለሁ። የግቢው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ብዙ እግር ይሰማኛል፤ የሰው ድምፅ ግን የለም፤ ሳል እንኳን የለም። መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወጣሁ። ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል፤ ፊታቸው አይለይም። ከፊታቸው እሷ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ነግረዋታል አልኩ።

ሮጬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩና የልጇን ስም እየጠራሁ ጮህኩ። ደረቴን መታሁ። ለጋነቱን፣ ቁመቱን፣ ጥርሱን እያነሳሁ ሙሾ አወረድኩለት። ለቅሶ ላይ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ትከተላለች። ያን ቀን ማንም አልተከተለኝም። ድምፄ ብቻውን ግቢውን ዞረው። አባትየው ያለቅሳል፤ የሚያየው ግን እኔን ነው። ቀና ስል ከእድሩ ዳኛ ኋላ አክስቴን አየኋት። የሰላሌዋ አክስቴ ናት። ለጎረቤቴ ልጅ ብላ ከሰላሌ ድረስ አትመጣም።

በሕይወት ላለ ልጅ፣ በእናቱ ጆሮ፣ ሙሾ አውርጃለሁ። ሌላ እናት ብትሆን ገፍትራ ትጥለኝ ነበር፤ አፍሽ ይቆረጥ ትለኝ ነበር፤ እውነቷንም ነው። እሷ ግን እስክጨርስ ድረስ ጀርባዬን ይዛ ቆማ ሰምታኛለች።

«የኔ ልጅ አይደለም፣ እህቴ» አለችኝ በጆሮዬ። «ወንድማችን ነው።»

ከዚያ ወንድሜን በስሙ ጠርታ «ልጄ» አለች፤ ሙሾውን በቋንቋዋ አነሳችው። ያን ጊዜ ግቢው በሙሉ ተከተላት።

መኪናው ፈንጂ ረግጦ ነበር። ስንቅ ጭኖ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለኔ ሁለት ሐዘን ሆነ። ወንድሜን አለቅሳለሁ፤ ለልጇ እፈራለሁ። የልጁ ወሬ ጭራሽ ሲጠፋ አፌ ነው የበላው አልኩ። ስሙ ሲነሳ ከቤት እወጣለሁ። እሷ ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ጋቢዋን ተከናንባ መጀመሪያ የምትጠይቀው እኔን ነበር። ያ ይባስ አስጨነቀኝ። ብትሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ እየለመነ ሲገባ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ጓደኛዬ ናት። ከኋላዋ አጥንቱ የወጣ፣ ጺሙ የተንጨባረረ፣ ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ቆሟል። ገና ቤቷ አላስገባችውም፤ ውሃ እንኳን አልሰጠችውም፤ የባሏ መወርወሪያ እንደወትሮው ይሰማል፤ አባትየውም መምጣቱን አልሰማም ማለት ነው። እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እሷ እጄን ይዛ ጎተተችኝና ወደ ልጇ ጉንጭ አስጠጋችው።

«ንኪው» አለችኝ።