የእድሩ እቃ ቤት ቁልፍ

በበሬ ስርቆት ታስሬ፣ ፊደል እዚያው ቆጥሬ አምቦ ስመለስ፣ ሥራ የሚሰጠኝ ቀርቶ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። ጊንጪ ገበያ ሄጄ እንደገና የሰው በሬ ልነዳ ሳስብ፣ የሰፈራችን እድር ዳኛ ጠርተው የእቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ።

«ኦቦ፣ ሰው አጥታችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ድስት ከጠፋ የማንን በር እንደምናንኳኳ እናውቃለን» አሉኝ።

ስድብ ነበር፤ ቁልፉን ግን ያዝኩት። ጨዋ የተባለው ሁሉ ከለቅሶ ቤት ጭልፋ እንደሚያስቀር ያወቅኩት ያኔ ነው።

የዳኛው ልጅ በተዳረች ማግስት ትልቁ ድስት ሳይመለስ ቀረ። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«የማንን በር እንደማንኳኳ እኔም አውቃለሁ» አልኳቸው።

እየሳቁ ድስቱን ራሳቸው ተሸክመው አመጡት። እንዲህ የእድር ድስት ሳሳድድ በሬ የምነዳበት ጊዜ አጣሁ።